ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር፦ ቮልቴጁ ሲዛባ ምክንያቱና መፍትሄው

ቡሬም ይሁን ሞጣ፣ ደጀንም ይሁን ዳንግላ፣ አሮጌ ባለ ቫልቭ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) አምፕሊፋየር ከመፍታትዎ በፊት ቴስተሩን ግድግዳው ሶኬት ላይ ያድርጉ። በአምፕሊፋየሩ የሰርኪዩት ሥዕል ላይ የተጻፈው ቮልት የሚገኘው መስመሩ ልክ ሲሆን ነው። ማታ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ መስመሩ ከ220 ወደ 190 ከወረደ፣ ቫልቮቹን የሚያሠራው ከፍተኛ ዲሲ 300 ከነበረ ወደ 259፣ የሂተሩ (ቫልቩን የሚያሞቀው ክር) 6.3 ደግሞ ወደ 5.4 ይወርዳል። አምፕሊፋየሩ ግን ጤነኛ ነው። ከጀርባ ያለው የቮልት መምረጫም 220 ላይ መሆኑን ይዩ።

ጥንቃቄ፦ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይገድላል። 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ሻሲ (የብረት አካሉ) ለ10 ሰከንድ ያገናኙ፤ ከ10 ቮልት በታች መውረዱን ይለኩ። በካቻቪቴ አያገናኙ። ሲበራ የሚለኩ ከሆነ ጥቁሩን ገመድ ሻሲው ላይ በክሊፕ አስረው በአንድ እጅ ብቻ ይሥሩ።

ፊውዝ ያቃጥላል፦ ትልቅ ፊውዝ መተካት ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው። 60 ዋት ባለ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በሲሪ (በተከታታይ) ያስገቡ። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። እንደበራ ከቀረ ሬክቲፋየር ቫልቩን (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) ይንቀሉ። አሁን ከደበዘዘ ሾርቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ሬክቲፋየሩ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ካፓሲተር ነው። ቫልቮቹ ሁሉ ተነቅለውም ከበራ ትራንስፎርመሩን ይጠርጥሩ።

ከፍተኛው ቮልት ጭራሽ የለም፦ ሬክቲፋየሩ ጂዜድ34 ከሆነ፣ ከሶኬቱ እግር 4 እና ከእግር 6 ወደ ሻሲ ኤሲ ይለኩ፤ ሁለቱም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከጠፋ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ተበጥሷል፤ ሁለቱም ከጠፉ የጥቅሉ የመሃል ሽቦ ከሻሲ ተላቋል። ሁለቱም ካሉ ሂተሩን ይዩ፦ በእግር 2 እና 8 መካከል 5 ቮልት ኤሲ። ይህን ከሻሲ አንጻር አይለኩ፤ እግር 8 ሬክቲፋየሩ ሲሠራ ሙሉውን ከፍተኛ ዲሲ የተሸከመ ነው።

ቮልቱ ወርዷል፣ ስፒከሩም «ኡምም» ይላል፦ የመጀመሪያው ካፓሲተር ደርቋል። ጤነኛ ካፓሲተር የኤሲውን ጫፍ ይዞ ያቆያል፤ ሲደርቅ ቮልቱ ወደ አማካዩ ይወርዳል፣ የ100 ኸርዝ ሞገዱም ወደ ድምፁ ይገባል። በተጻፈው ማይክሮፋራድ፣ ቢያንስ በ450 ቮልት ይተኩ። «ቢበዛ ይሻላል» ብለው 100 አያስገቡ፤ ጂዜድ34 የሚፈቅደው እስከ 60 ማይክሮፋራድ ነው። ከዚያ ካለፈ ሲበራ የሚስበው ጅረት ቫልቩን ይበላዋል።

ቮልቱ ወርዷል፣ ጩኸት የለም፣ የመውጫ ቫልቩ (ስፒከሩን የሚነዳው) ፕሌት፣ ማለትም በውስጡ ያለው ብረት፣ ግን ይቀላል፦ ወዲያው ያጥፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከግሪዱ (ድምፁ ወደ ቫልቩ ከሚገባበት እግር) በፊት ያለው ካፓሲተር ነው፤ ዲሲ ያሾልካል። የመውጫ ቫልቩ ኢኤል84 ከሆነ ነቅለው ያብሩና በሶኬቱ እግር 2 ላይ ይለኩ። ዜሮ መሆን ሲገባው ግማሽ ቮልት ያህል እንኳ ካሳየ ካፓሲተሩን በ630 ቮልት ይተኩ። ዜሮ ሆኖ፣ ቫልቩ ሲመለስ ብቻ ከዜሮ በላይ ከወጣ ቫልቩ አልቋል።

ቮልቱ ከፍ ብሏል፦ በሬክቲፋየሩ ቦታ ዳዮድ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም የመውጫ ቫልቮቹ አይስቡም። ሁለት ኢኤል84 በጋራ በሚጠቀሙበት የ130 ኦም ካቶድ ሬዚስተር (የቫልቮቹ ጅረት ወደ ሻሲ በሚያልፍበት) ላይ 10 ቮልት ገደማ ይጠበቃል። ዜሮ ከሆነ ቫልቮቹ አይሠሩም፤ ከ30 በላይ ከሆነ ሬዚስተሩ ተበጥሷል።