ስፕሊት ለምን በትክክል አልከፈለልኝም?

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ውስጥ ጽሑፍ የሚከፍለው ስፕሊት ቀላል ነገር ነው። መለያ ምልክቱን ትነግሩታላችሁ፣ ጽሑፉን ቆራርጦ ሊስት (የቁርጥራጮቹን ዝርዝር) ይመልስላችኋል። ጣጣው የሚመጣው ሊስቱ ያሰባችሁት ሳይሆን ሲቀር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከኮዱ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው። ስለዚህ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት ጽሑፉን በሪፕር እዩት። ፕሪንት የሚደብቃቸውን ታብና የመስመር ማብቂያ ሪፕር ያጋልጣቸዋል። (የፋንክሽኖቹን ስም እዚህ እንደሚነበቡ ጻፍኳቸው እንጂ ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።)

ምንም አልተከፈለም፣ ኤረርም የለም

ጽሑፉ 'ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ' ነው። ስፕሊት(',') ስትሉት የሚመጣው ይሄ ነው፦

['ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ']

አንድ አባል ብቻ። ኮዱ የሚፈልገው የላቲኑን ኮማ ነው፤ ጽሑፉ ላይ ያለው የእኛው ነጠላ ሰረዝ። የፊደልን መለያ ቁጥር በሚያሳየው በኦርድ ብታዩዋቸው አንዱ 44፣ ሌላው 4963 ነው፤ ለኮምፒውተሩ አይተዋወቁም። ስፕሊት('፣') በሉት፣ አለቀ። ሁለቱ ተደባልቀው ከመጡ ደግሞ መጀመሪያ በሪፕሌስ ሁሉንም ወደ አንዱ ቀይሩና ከዚያ ክፈሉ።

አራት ነጥብ ከዚህም ይብሳል። አንድ ጊዜ ረጅም ጽሑፍ በ'።' ስከፍል ግማሹ ዓረፍተ ነገር ተከፈለ፣ ግማሹ ተጣብቆ ቀረ። ደጋግሜ ባየው ምንም ልዩነት የለውም። ለካ አንዳንዱ ቦታ ላይ ጸሐፊው አራት ነጥብን አልተጠቀመም፤ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ '፡፡' አድርጎታል። ስክሪን ላይ መንታ ናቸው። ሪፕርም እዚህ አያድንም፣ ሁለቱንም እንዳሉ ነው የሚያሳየው። አስኪ የሚባለው ፋንክሽን ግን ፊደሉን በኮዱ ስለሚጽፈው (ቁጥሩ እንደ ኦርድ በአስር ቤት ሳይሆን በአስራ ስድስት ቤት ነው)፣ አንዱ ጋ 1362፣ ሌላው ጋ 1361 ሁለት ጊዜ ታያላችሁ። መፍትሄው ያው ሪፕሌስ ነው፦ '፡፡'ን ወደ '።'።

ቃሉ ያው ነው፣ ግን እኩል አይደለም ይላል

'ቀይ, ሰማያዊ'ን በኮማ ስትከፍሉ ሁለተኛው አባል ' ሰማያዊ' ነው፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ ይዟል። ከከፈላችሁ በኋላ እያንዳንዱን አባል ስትሪፕ አድርጉ፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ ያነሳል። ከፋይል ስታነቡ የመጨረሻው አባል ላይ የሚንጠለጠለውን የመስመር ማብቂያም አብሮ ይጠርግላችኋል። የፋይሉ የመጀመሪያ ቃል ብቻ እምቢ ካለ ግን መነሻው ላይ የተደበቀ ምልክት ሊኖር ይችላል፣ ስትሪፕም አይነካውም። ፋይሉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ በሚለው ኢንኮዲንግ (የፊደል አጻጻፍ ስልት) ክፈቱት፤ ያንን ምልክት ይዘለዋል።

ባዶ አባላት ገቡ

'ቀይ,,ቢጫ' ሦስት አባል ይሰጣል፣ መሃሉ ባዶ። ይሄ ስህተት አይደለም። ሰንጠረዥ ከሆነ እንዳትነኩት፤ ባዶውን ስትጥሉ ከኋላው ያለው ዓምድ ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታል። መለያው ክፍት ቦታ ከሆነ ግን ቅንፉን ባዶ ተዉት፣ ስፕሊት()። የተደራረበውን ክፍት ቦታ እንደ አንድ ይቆጥረዋል።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ባዶ ጽሑፍን በኮማ ስትከፍሉ ባዶ ሊስት አይመጣም። [''] ነው የሚመጣው፣ ርዝመቱም 1 ነው። «ዜሮ መሆን ሲገባው አንድ ይቆጥራል» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ጥቅስ ውስጥ ያለው ኮማም ተከፈለ

'ቀይ,"ጥቁር, ነጭ",ቢጫ' ሦስት አባል መሆን ሲገባው አራት ይሆናል። ስፕሊት ጥቅስ አያውቅም። እዚህ ላይ በሬጌክስ (ጽሑፍን በንድፍ በመፈለጊያው) መታገል ትርፉ ድካም ነው፤ በኮማ የተለዩ ሰንጠረዦችን ለማንበብ ከፓይተን ጋር የሚመጣውን የሲኤስቪ ሞጁል ተጠቀሙ።

'3' እና '4' ተደምረው '34' ከሆኑ ደግሞ ስፕሊት የሚመልሰው ሁሌም ጽሑፍ ስለሆነ ነው። ከመደመራችሁ በፊት በኢንት ወደ ቁጥር ቀይሯቸው።