የስታር ትሬክ ዕቃችሁ ዝም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፌዘር (የጨረር መሣሪያ)፣ ትራይኮርደር (በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ)፣ ኮሚዩኒኬተር (መነጋገሪያ)፤ የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ፊልሙ የስታር ትሬክ ወዳጆች የእነዚህ ቅጂ ሲበላሽባቸው ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዳንዱ በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ የተሸጠ መጫወቻ ነው፤ አንዳንዱን ባለቤቱ ራሱ በ3ዲ ፕሪንተር አትሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ መብራት ያስገባለት ነው። ድንጋይ መቀየርና ፕላስና ማይነሱን ማየት ለእናንተ አይነገርም። ከዚያ በኋላ ካለው እንጀምር።

ችግር፦ ጨርሶ አይሠራም፤ ወይም መታ ሲያደርጉት ብቻ ይጮሃል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። አልካላይን ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለ። ድንጋዩ ሲያልቅ ውስጡ ሃይድሮጂን ጋዝ ይጠራቀማል። ግፊቱ ሲበዛ መዝጊያው ይለቅና ፈሳሹ ይወጣል። አየር ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ሆኖ ድንጋዩን የሚነካው ሞላ (ስፕሪንግ) ላይ ይጋገራል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ነጩን ጠርጎ አዲስ ድንጋይ ይከታል። ዕቃው ለጥቂት ቀን ይሠራና ተመልሶ ዝም ይላል። ፈሳሹ እኮ ሞላው ላይ አይቆምም! በሽቦው ላስቲክ ውስጥ ሾልኮ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ይጓዛል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

አንድ ትራይኮርደር አስታውሳለሁ። ባለቤቱ ስፒከሩን ቀይሯል፣ ማብሪያውን ቀይሯል፣ በመጨረሻ «ቦርዱ ሞቷል» ብሎ ሌላ ሊገዛ ነበር። የድንጋይ ቤቱ ጥርት ብሎ ጸድቷል። ቀዩን ሽቦ ጫፉ ላይ ላጥ ሳደርገው መዳቡ ከሰል መስሏል። ትንሽ ቆረጥኩ፤ አሁንም ጥቁር። ደግሜ ቆረጥኩ፤ አሁንም ጥቁር። ቦርዱ አጠገብ ስደርስ ብቻ ቀይ መዳብ ወጣ። ቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር። አዲስ ሽቦ በየድኩለትና ጮኸ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ፈሳሹ ዓይን ያቃጥላል። ዱቄቱን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ። በአፋችሁ እፍ አትበሉት፤ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። ከዚያ የጆሮ ጥጥ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ሞላውን እሹት። አረፋ ያወጣል። አረፋው እስኪቆም ደጋግሙት። ቀጥሎ በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ ከዚያም በአልኮል ጥረጉትና በደንብ ይድረቅ። አልኮሉ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ ሽቦውን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩ፤ እየለካችሁም ወዝወዝ አድርጉት። ቁጥሩ ከዘለለ ሽቦው ታሟል። የጠቆረ መዳብ ላይ ብየዳ አይዝም፤ ተንከባሎ ይወድቃል። መዳቡ እስኪያበራ ድረስ ቁረጡ። ሁለቱንም ሽቦዎች ተመልከቱ፤ ጥቁሩን ሽቦ የሚረሳው ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አቼቶ በጥጥ እንጂ አይፈስም። ሌሊቱን ሙሉ ፌዘሩን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ያመጣልኝ ሰው አለ። የስፒከሩ ወረቀት ሟሙቷል፣ ስቲከሮቹ ተላቀዋል፣ ብሎኖቹ ዝገዋል። ይህን ያደረገው ድንጋይ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስጠጉት። መጫወቻዎቹ የሚሠሩበትን ኤቢኤስ ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞላውን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አትፋቁ። ላዩ ላይ ያለው የኒኬል ሽፋን ከተነሣ ብረቱ በቶሎ ይዝጋል። ሽፋኑ ቀድሞ ካለቀ ሞላውን መቀየር ነው።

ድንጋዩ ላይ «ሄቪ ዱቲ» የሚል ካለ ነገሩ ይለያል። ያ ብዙውን ጊዜ ዚንክ ካርበን ነው፤ የሚያፈሰው ደግሞ አሲድ ነው። አሲድን በአቼቶ ማጽዳት አይሆንም፤ በውሃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ተጠቀሙ። እንዲያውም እንዲህ ዓይነቱን ርካሽ ድንጋይ ለዓመታት የፈለጋችሁት ዕቃ ውስጥ የምትከቱበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባኝም።

«አጥፍቼ ነው ያስቀመጥኩት» የሚለውንም ብዙ እሰማለሁ። ድምፅ ያላቸው ብዙ መጫወቻዎች እውነተኛ ማጥፊያ የላቸውም። ውስጡ ያለው ቺፕ ቁልፉ እስኪነካ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ትንሽ ትንሽ ኃይል ይመጥጣል። ድንጋዩ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያልቃል፣ ከዚያ ያፈሳል። ስለዚህ አውጡት። አሮጌና አዲስም አትቀላቅሉ፤ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ በግድ ኃይል ሲያሳልፉበት ያፈሳል።

አሁን በጣም የሚያሳዝነኝ። ሣጥኑ ተከፍቶ የማያውቅ፣ «ሞክሩኝ» የሚል ቁልፍ ያለው ዕቃ። ገዢው ሱቅ ውስጥ እንዲሞክረው ድንጋዩ ከፋብሪካ ገብቶበት ነው የሚመጣው። ሰብሳቢው ሣጥኑ እንዳይነካ ብሎ ዓመታት ያስቀምጠዋል፤ ውስጡ ይበሰብሳል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ክፈቱት። ቴፑን በስለት በጥንቃቄ ቁረጡ፣ ድንጋዩን አውጡ፣ መልሱት። ስትገዙም የሣጥኑን ታች እዩ፤ እድፍ ካለ ወይም ነጭ ነገር ከተራገፈ ተዉት።

ችግር፦ ራሳችሁ የሠራችሁት ፌዘር አንዴ በርቶ ጠፋ

ኤልኢዲውን (ትንሿን መብራት) ያለ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ዕቃ) አገናኝታችሁታል። ለ9 ቮልት ድንጋይና ለአንድ ቀይ ኤልኢዲ 390 ኦም ይበቃል።

ችግር፦ የኮሚዩኒኬተሩ ክብ ምስል አይዞርም

ለአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ ተከታታይ ፊልም ኮሚዩኒኬተሩን የሠራው ዋ ቻንግ ለቅርብ ቀረጻ ባዘጋጃቸው ውስጥ ክቡን የሚያዞረው የስቶፕዎች ሞተር ነበር፤ በእጅ የሚሞላ፣ ድንጋይ የማያውቅ። ዛሬ የሚሠሩት ቅጂዎች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አላቸው። ዘንጉ ላይ ፀጉር ወይም ሙጫ ካለ በወረንጦ አንሡ። ዘይት አታብዙ፤ ምስሉ ላይ ይረጫል።

ችግር፦ እጀታው ይጣበቃል

ላስቲክ መሰሉ ሽፋን አርጅቷል። በአልኮል ታጥቦ ይወጣል፤ ተመልሶ ግን አይጠገንም። ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ይቀራል።

ችግር፦ ያተማችሁት ዕቃ ተጣመመ

ፒኤልኤ የሚባለው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም ትታችሁታል። 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ሙቀት የተሻለ የሚችለውን ፒኢቲጂ ፕላስቲክ ተጠቀሙ።

ችግር፦ ገላጭ ፕላስቲኩ ዙሪያውን ነጭ ጉም ለበሰ

የሱፐር ግሉ ትነት ነው። መስኮትና መስታወት የሚመስለውን ክፍል በኢፖክሲ ሙጫ ለጥፉ።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከሁሉም የከፋ ስለሆነ። የጣት ድንጋይ የሚያክሉ 3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪዎች አሉ። በመጠን ልክ ይገባሉ። ዕቃው የሚጠብቀው ግን 1.5 ቮልት ነው፤ ሦስቱን ስትደረድሩ 4.5 የለመደው ቦርድ 11.1 ይቀበላል። እንዲህ የተቃጠለ የድምፅ ቺፕ አይጠገንም፤ ምትክም ገበያ ላይ አይገኝለትም። የማያፈስ ከፈለጋችሁ «ሊቲየም 1.5 ቮልት» ተብሎ የተጻፈበትን፣ ቻርጅ የማይደረገውን ግዙ።