ሁለት ፉል ስክሪን ሪሞት ዴስክቶፕ ከፍታችሁ አልት ታብ እምቢ ላላችሁ

ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ሁለት ሰርቨር ነው የማየው፣ አንዱ እዚሁ መጋዘን፣ ሌላው ደሴ፣ ሁለቱንም በዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተር ከርቀት መክፈቻው) ፉል ስክሪን ነው የምከፍታቸው። አልት ታብ ስጫን ግን ካለሁበት ሰርቨር አያስወጣኝም፣ እዛው ውስጥ ያሉትን መስኮቶች ብቻ ያገላብጣል። ሶስት ቀን ፈጀብኝ።

ኮንትሮል አልት ብሬክ ያወጣል፣ ግን የኔ ላፕቶፕ ብሬክ የሚባል ቁልፍ የለውም። ከላይ ባለችው ሰማያዊ ባር ሚኒማይዝ እያደረግኩ ስሰራ ደግሞ የትኛው ላይ እንዳለሁ ጠፍቶኝ የደሴውን ሻትዳውን ላደርገው ለጥቂት ተረፈ፣ የሀረጎን ዳገት ደሴ ድረስ ወጥቼ ላበራው ነበር እኮ!

የሰራልኝ ይሄ ነው፦ ከመገናኘታችሁ በፊት ሾው ኦፕሽንስ፣ ሎካል ሪሶርስስ፣ ኪቦርድ የሚለው ጋ ሂዱና ፉል ስክሪን ሲሆን ብቻ የሚለውን ወደ «ኦን ዚስ ኮምፒውተር» ቀይሩት፣ ከዛ ጄኔራል ላይ ሴቭ። የተከፈተ ሴሽን ላይ አይሰራም፣ ዘግታችሁ እንደገና ግቡ። ሴቭ ለሚደረገው ለየሰርቨሩ ፋይል ለየብቻ ነው፣ እኔ የአንዱን ብቻ ቀይሬ ግማሽ ቀን ስናደድ ነበር።

አሁን አልት ታብ ከሰርቨር ሰርቨር ይወስደኛል፣ ሰርቨሩ ውስጥ መስኮት ለመቀየር አልት ፔጅ አፕ፣ በኮንትሮል አልት ዲሊት ፋንታ ደግሞ ኮንትሮል አልት ኤንድ።