ለኢኢጂ ምርመራ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ለኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ለሚመዘግብ ምርመራ) ይዞ ከተማ መግባት ብዙ ወጪና ድካም አለው። ድካሙ መና የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ገና ከቤት ሳይወጡ በሚሠሩ ስህተቶች ነው።

ቅቤ የተቀባ ራስ። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በኤሌክትሪክ ነው፤ ሕመሙ የሚነሣው እጅግ ብዙ ሴሎች ባንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲለቁ ነው። ከራስ ቅል ውጭ የሚደርሰው ግን ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በኤሌክትሮዱ (ራስ ላይ በሚለጠፈው ሞገድ መቀበያ) እና በቆዳው መካከል ያለው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው ኃይል) ከ5 ኪሎ ኦም በታች መሆን ሲገባው ከፍ ይላል፤ ያኔ የመብራቱ 50 ኸርዝ ሞገድ የአንጎሉን ይውጠዋል። ስለዚህ በዋዜማው ሹሩባውን ፈትተው ፀጉሩን በሻምፖ ወይም በሳሙና ሁለት ጊዜ ይጠቡት፤ ቅቤ ባንድ እጥበት አይለቅም። ከዚያ በኋላ ምንም ቅባት አይንካው፤ ደርቆም ይሂድ።

እዚህ ላይ ባለሙያውም ይሳሳታል። የተረበሸ ሞገድ ሲያይ ፊልተሩን (ፈጣን ሞገዶችን የሚያጣራውን ገደብ) ከ70 ወደ 15 ኸርዝ ያወርዳል። ይህ የመንጋጋ ጡንቻን ንዝረት የሚጥል በሽታ ሹል ሞገድ ሊያስመስለው ይችላል። ይልቅ ኤሌክትሮዱን አንሥቶ፣ ቆዳውን አጽድቶ፣ በአዲስ ጄል መልሶ መለጠፍ ነው።

«ሕመሙ እንዲታይ» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ሕመሙ ሳያባራ ሊደጋገም ይችላል፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ለሕይወት ያሰጋል። ጠበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጾም ውሎ መሄድ። በምርመራው ወቅት 3 ደቂቃ በኃይል መተንፈስ አለ፤ የደም ስኳር ሲያንስ ይህ ትንፋሽ ዝግ ያሉ ሞገዶችን ያበዛና ውጤቱን ያሳስታል። የነፍስ አባትን አስፈቅደው ያብሉት። ቡናው ይቅር።

እንቅልፍ ጠግቦ መሄድ። ሹል ሞገድ ሲያንቀላፉ ይበልጥ ይወጣል። ሐኪሙ ካዘዘ ብቻ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ተኝቶ ይነሣ፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ ብቻውን አይተዉት፣ በመኪናም ላይ አያስተኙት።

ሕመሙን አይቶ አለመናገር። «ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ» አይበቃም። ሲጀምረው ክብሪት ጭሮ ከማሽተት አንዱ በጎን ያስተኛው፣ ሌላው በስልክ ይቅረጽ። ፊቱ ይታይ፤ ዓይኑ ክፍት ነው ወይስ ጭፍን? አንገቱ ወዴት ዞረ? ቀድሞ የተንቀጠቀጠው የትኛው እጅ ነው? ስንት ደቂቃ ቆየ? በቀኝ እጅ የጀመረ መንቀጥቀጥ ሐኪሙን ወደ ግራው አንጎል ይመራዋል፤ 30 ደቂቃ የማይሞላ የኢኢጂ ቀረጻ ይህን ላያገኘው ይችላል።

«ኖርማል ነው» ሲባል መድኃኒት መጣል። የመጀመሪያው ኢኢጂ ምልክቱን የሚያሳየው ከታማሚዎቹ በግማሽ ገደማ ላይ ነው። ቪዲዮውን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱ፤ በእንቅልፍ የሚሠራ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁ።