ፖሊሽ ተደርጋ በሁለት ሳምንት የምትመለስ መኪና፦ የቀለም ችግርና መፍትሄ

መኪናቸውን ይዘው ግቢዬ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። «ፖሊሽ ካስደረግኳት ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ተመልሳ እንደነበረችው ሆነች።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ በሰፊው የማወራው ስለ እሱ ነው። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እያልኩ አልፋቸዋለሁ። መኪና በቀትር ፀሐይ እንደማይታጠብ፣ የጋለ ኮፈን ላይም ምንም ነገር እንደማይቀባ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ፀሐይ ወይም መብራት ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት

ማታ ላይ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ኮፈኑ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። በብርሃኑ ዙሪያ ፀጉር የሚያካክሉ ክብ ክብ ጭረቶች ካያችሁ ችግሩ ይኸው ነው። ስልኩን ስታንቀሳቅሱ ክቡም አብሮ ይሄዳል። ምክንያቱም ጭረቶቹ በእውነት ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተጫሩ ናቸው፤ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ የሚመልሱት ግን መብራቱን ዞረው የሚያልፉት ብቻ ናቸው። ጥቁር መኪና ላይ ጎልቶ ይታያል። ነጭ ላይም አለ፣ ዓይን አይይዘውም እንጂ።

መንስኤው አጠባና ውልወላ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ጠቅላላ ቀለም ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት ወደ 100 ማይክሮን ነው። ከዚያ ውስጥ ላይ ያለው፣ የሚያብለጨልጨውና ዋናውን ቀለም የሚጠብቀው ክሊር፣ የወረቀቱን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። እኛ በየቀኑ አቧራ ያዘለ ጨርቅ የምንፈገፍገው በዚህች ስስ ነገር ላይ ነው። የአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ዱቄት ብቻ አይደለም። መንገድ በሚቆፈርበት፣ ሕንፃ በሚነሳበት ሰፈር የሚበነው ነገር ደቃቅ ድንጋይና አሸዋ አለበት።

አንዲት ጥቁር ኮሮላ ሦስት ጊዜ ተመልሳብኛለች። ባለቤቷ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ያሳየሁትን አጠባ አንድም ሳያጓድል ይሠራል። ሦስተኛው ላይ ግራ ገባኝና ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቤቱ ሄድኩ። የግቢው ጥበቃ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ መኪናዋን በአሮጌ ፎጣ እየወለወሉ ነው። ማንም አላዘዛቸውም። አቧራ ለብሳ ከግቢ እንዳትወጣ ብለው ነው። ፎጣውን ተቀብዬ የነከሩበት ግማሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ አለቀለቅኩት፤ ከዚያ ውሃውን በነጭ ሳህን ቀድቼ ትንሽ አስቀመጥኩት። እስኪጠል ጠበቅንና ላዩን ደፋሁት። ሥሩ ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ነገር ቀረ።

«አባባ፣ እስቲ በጣትዎ ይንኩት» አልኳቸው።

በሁለት ጣታቸው አሹት። ቀጭ ቀጭ ሲል ለእኔም ተሰማኝ።

«አሸዋ ነው እኮ ልጄ!» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን መኪና በደረቁም በርጥቡም ነክተዋት አያውቁም። እሷም አልተመለሰችም።

ስለዚህ እባካችሁ በመጀመሪያ መኪናችሁን ጠዋት ጠዋት የሚወለውለውን ሰው አግኙት። ጥበቃው ይሁን፣ የቤት ሠራተኛዋ ትሁን፣ ታናሽ ወንድማችሁ ይሁን። አትቆጡ። ሳህኑን አሳዩ። የላባ መወልወያም ያው ነው፤ አሸዋውን ከመግፋት በቀር የሚሠራው የለም።

ታዲያ ፖሊሹ ለምን ተመለሰ?

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ከላይ ያልኩት ነው፦ አጠባው ሳይለወጥ ፖሊሽ ከተደረገ ጭረቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ሁለተኛው የሚያናድደኝ ነው። መንገድ ዳር ብዙውን ጊዜ «ፖሊሽ» ተብሎ የሚቀባው ነገር ጭረቱን አያነሳም፤ በዘይትና በሰም ይሞላዋል። በዚያን ዕለት መኪናዋ መስታወት ትመስላለች። ሁለት ሦስት ጊዜ በሳሙና ስትታጠብ መሙያው ይወጣና ጭረቱ እንደነበረ ብቅ ይላል። ምንም ጽሑፍ በሌለበት የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ ኮምፓውንድም (ጭረት የሚፍቅ ደቃቅ አሸዋ ያለው ቅባት) አትግዙ። አሸዋው ሻካራ ይሁን ደቃቅ አይታወቅም፤ አንዴ ነጭ መኪና ላይ ሞክሬው ራሴ አዲስ ጭረት ጨምሬባት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሳስተካክል ዋልኩ።

መሙያ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር በርዙና ፖሊሽ የተደረገውን ቦታ ስንዝር በምታህል ስፋት በንጹሕ ማይክሮፋይበር (ለስላሳ የመወልወያ ጨርቅ) ጥረጉት። ከዚያ ባትሪውን አብሩ። ጭረቱ ከተመለሰ ገንዘባችሁ የሄደው ለዘይት ነው። ይህን ፈተና ግን አዲስ በተቀባ አካል ላይ አትሞክሩ።

መፍትሄው፦ አጠባውን መቀየር

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ብዙ ውሃ አፍስሱ» ማለት ምክር አይደለም። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። እኔ እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። አምስቱን ሊትር ለማርጠቢያ፣ አስሩን ለሳሙና ባልዲ፣ አስሩን ለማለቅለቂያ ባልዲ፣ የቀረውን አሥራ አምስት ለመጨረሻ ማጠቢያ።

ማርጠቢያው ላይ ነው ጨዋታው ያለው። በእጅ እየተገፋ የሚረጭ ትንሽ መርጫ ግዙ። አዲስ ይሁን፤ የአረም መድኃኒት የነበረበትን አትጠቀሙ። ትንሽ የመኪና ሻምፑ ጨምሩና መኪናዋን ሁሉ ርጩ። ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቁ፤ እንዲደርቅ ግን አትፍቀዱ። ጭቃው በራሱ ወደ ታች ሲወርድ ታዩታላችሁ። በተረፈው ውሃ እንደገና ርጩ። እስካሁን እጃችሁ መኪናዋን አልነካም። አብዛኛው አሸዋ የሄደው አሁን ነው።

ከዚያ ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጓንት ሳሙናው ውስጥ ነክራችሁ ከጣሪያው ጀምሩ። ስፖንጅ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋውን ቀለሙ ላይ አስጣብቆ ይጎትተዋል፤ የጓንቱ ጭራ ግን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። አንድ አካል በጨረሳችሁ ቁጥር ጓንቱን በማለቅለቂያው ባልዲ እሹት፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው። የበሮቹ ታችና ባምፐሩ መጨረሻ ናቸው፤ ቆሻሻው እዚያ ነው ያለው። ለጎማ የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ቀለም ላይ አታምጡ።

የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም። ሰሙን ይገፍፈዋል፤ ሳይሟሟ የቀረው ዱቄት ደግሞ ራሱ ይጭራል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በጨርቅ ማሸትም አይሆንም። ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፤ በማግስቱ አቧራውን እንደ ማር ይይዘዋል። ጓንቱ ወይም ፎጣው መሬት ከወደቀ ያን ቀን አለቀለት። መልሳችሁ አትጠቀሙበት። «ትንሽ ነው የነካው» የሚባል ነገር የለም።

ስታደርቁ አትፈግፍጉ። ሰፊ የማይክሮፋይበር ፎጣ ዘርግታችሁ ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አስጠጡት።

ከዚያ ጭረቱን ማንሳት

በጥፍራችሁ ጭረቱን አቋርጣችሁ ዳስሱት። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፤ በኮምፓውንድ ልትጨርሱት አትሞክሩ። ካልያዘው ይነሳል።

በእጅ የሚሠራ ሰው ጭረቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። ማሽን ካላችሁ እየተሽከረከረ በዚያው የሚወዛወዘው ዓይነት ለቤት ሥራ የተሻለ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አያቃጥልም። ሁልጊዜ በለስላሳው ፓድ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ በሚገጠመው ስፖንጅ፣ እና በደቃቁ ፖሊሽ ጀምሩ። ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የሆነ ቦታ ብቻ ምረጡ። አተር የሚያካክሉ አራት አምስት ጠብታ ፓዱ ላይ አድርጉ። ማሽኑን ቀስ አድርጋችሁ፣ በሰከንድ ከሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሳያልፍ፣ አንዴ በቁም አንዴ በአግድም አራት አምስት ጊዜ አመላልሱት። ጥረጉ፣ በአልኮሉ አጽዱ፣ ባትሪውን አብሩ። ከጠራ ያንኑ በመላው መኪና ድገሙት። ካልጠራ ብቻ ወደ ሻካራው ኮምፓውንድ ውጡ። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው። በቴፕ ሸፍኑት።

አንድ ወጣት ፓድ ግራይንደር ላይ ገጥሞ የራሱን ቪትዝ ኮፈን ሲሠራ ደርሼበታለሁ። ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ለፖሊሽ የተሠራ ክብ ማሽን ከ600 እስከ 3,000 ባለው ነው የሚሠራው። ስደርስ የኮፈኑ ወገብ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ክሊሩም ቀለሙም ሄዶ ከቀለሙ ሥር ያለው ግራጫ ፕራይመር ወጥቷል። ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክ ነበር። ጭረት ሊያጠፋ ብሎ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነበት። ኮፈኑ እንደገና ተቀባ። ግራይንደር አይሆንም፤ ፍጥነቱን ብትቀንሱትም አይሆንም።

ክሊር እንደማይበቅልም አስታውሱ። ኮምፓውንድ በነካችሁት ቁጥር ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል። በዓመት አንዴ ቀለል ያለ ፖሊሽ ይበዛባታል እንጂ አያንሳትም። በመጨረሻ ስስ አድርጋችሁ ሰም ቀቡ። ወፍራም ሰም ጥቅም የለውም፤ ለመጥረግ ብቻ ይከብዳል።

ምልክት፦ ታጥባ ደርቃም ሻካራ ናት

እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ቀለሙን ዳስሱ። ባዶ እጅ የማይሰማው ሁሉ በፌስታሉ ይሰማል። አሸዋ እንደተበተነበት ሆኖ ከተሰማችሁ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ። ክሌይ የሚሉት ሊጥ የመሰለ ነገር ያነሳዋል። በሻምፑ ውሃ አርጥባችሁ ሳትጫኑ አንሸራቱት፤ ቶሎ ቶሎ አጥፉት። መሬት ከወደቀ ጣሉት። ፖሊሽ ከዚህ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም።

ምልክት፦ ነጭ የጠብታ ክበብ

የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ውሃው በፀሐይ ሲደርቅ እሱ ይቀራል። አቼቶ (ኮምጣጤ) ከእኩል ውሃ ጋር በርዙ፣ ጨርቅ ነክራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አስተኙበት፣ በደንብ አለቅልቁ። ካልሄደ ክሊሩን በልቶታል፤ በፖሊሽ ነው የሚነሳው።

ምልክት፦ የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የሲሚንቶ ጠብታ

የወፍ ኩስ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሲድ አለው፣ ፀሐይ ላይ በሰዓታት ውስጥ ክሊሩን ይበላል። ሶፍት አርጥባችሁ አስር ደቂቃ አስቀምጡበትና አንሱት። አትፋቁት፤ ውስጡ አሸዋ አለ። ሙጫ በአልኮል ይለቃል። የደረቀ ሲሚንቶ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ደጋግሞ እየለሰለሰ ይነሳል፤ ምላጭና ጥፍር አታቅርቡ።

ብዙም የማያጋጥሙ

ነጭ መኪና ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ የብረት ብናኝ ነው፤ የብረት ማስለቀቂያ ፈሳሽ አለው።

ስታሹ ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ክሊር የላትም ማለት ነው። አሮጌ ነጭ መኪኖች ላይ ይታያል፤ ለእነሱ በጥቁር ጨርቅ ሞክሩ። ቀስ ብላችሁ ሥሩ፣ ሰም አታጉድሉባት።

ጣሪያና ኮፈን ላይ ክሊሩ እንደ ቆዳ ከተላጠ ፀሐይ በልቶታል። የፀሐይ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ይህን ፖሊሽም ሰምም አይመልሰውም። በግፊት ውሃ አትምቱት፣ ጠርዙንም አትላጡ። እንደገና መቀባት ነው ያለው። ከተቀባች በኋላ 30 ቀን ሰም አትቀቧት፤ ቀለሙ ገና እየተነፈሰ ነው።