ጉንጭ አልፋ እንዳይሆን፦ ከማታውቁት ሰው ጋር ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ማህበራዊ ጉዳይና ስለ ኢኮኖሚ ኦንላይን እንዴት መከራከር ይቻላል

ስለ ምርጫ ይሁን ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ግብር ይሁን ልጆች ስልክ መያዝ አለባቸው የለባቸውም በሚለው፣ በቃ ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያወራበት ነገር ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር በደንብ መከራከር ይቻላል። የምር ይቻላል። እኔ ለዓመታት ስከራከር ቆይቻለሁ፣ ብዙ ሌሊትም ያለ ጥቅም አልፎብኛል፣ ግን ትልልቅ ጉዳዮች ላይ ሀሳቤን ካስቀየሩኝ ሰዎች ውስጥ አብዛኞቹ ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸው ናቸው፣ ስለዚህ "ኦንላይን ክርክር ትርፉ ድካም ነው" የሚለውን ነገር አልቀበለውም። ክርክሩ ከንቱ የሚሆነው አብዛኛው ሰው ምኑ ላይ እንዳልተስማማ ሳያውቅ ስለሚገባበት ነው። እኔ የምሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

1ኛ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ለማን እንደምትጽፉ ወስኑ

ከፊታችሁ ያለው አንድ ሰው ነው፣ የሚያነበው ግን ብዙ ነው። ላይክ ሳያደርግ፣ ኮመንት ሳይጽፍ፣ ሁለታችሁንም አንብቦ የሚያልፍ ሰው አለ፣ ገና አቋም ያልያዘም ይኖርበታል። የምትከራከሩት ሰውዬ በሰው ፊት "ተሳስቻለሁ" ማለት ይከብደዋል፣ እናንተንም ይከብዳችኋል፣ ያ ዝም ብሎ የሚያነበው ግን ሀሳቡን ቢቀይር ማንም አያየውም። እኔ የምጽፈው በዋናነት ለሱ ነው። ይሄን አንዴ ከወሰናችሁ ስድብ ለስድብ መመለሱ ራሱ ይቀራል፣ ምክንያቱም ያ አንባቢ ማን ጮኸ ሳይሆን ማን መልስ ሰጠ የሚለውን ነው የሚያየው።

ሌላው ነገር ንዴት ነው። የስነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሱለር በ2004 ሰው ኦንላይን ሲሆን በአካል የማይለውን ለምን እንደሚል ሲጽፍ ካነሳቸው ምክንያቶች ውስጥ ማንነት አለመታወቁ፣ ፊት ለፊት አለመተያየቱና መልሱ እዚያው በዚያው አለመምጣቱ አሉበት። ይሄ የመጨረሻው ግን ለጥሩም ይሆናል እኮ፣ ወዲያው መመለስ ግዴታ የለባችሁም። አናዳጅ ነገር ካነበባችሁ መልሱን ሌላ ቦታ ጻፉትና አስቀምጡት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ አንብቡት፣ ያኔ ግማሹን ታጠፉታላችሁ።

2ኛ፣ ያልተስማማችሁበትን ቦታ ፈልጉ

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙልኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ሥሩ ሳይገኝ ስለ ቅርንጫፉ መጨቃጨቅ ነው ሰዓት የሚበላው። አለመስማማት ብዙ ጊዜ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው የሚገኘው፦ ወይ ቃሉ ላይ፣ ወይ መረጃው ላይ፣ ወይ ደግሞ የቱ ይቅደም በሚለው ላይ።

ቃሉ ላይ ስል ምን ማለቴ ነው፣ አንድ ጊዜ ስለ ቤት ኪራይ ጣሪያ ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ሌሊት ሙሉ ተከራከርን፣ እኔ ደጋፊ እሱ ተቃዋሚ ሆነን፣ ሊንክ በሊንክ ተወራወርን፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ገብቶ "ቆይ ግን ሁለታችሁ ጣሪያ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀን። ለካ እሱ የሚያወራው መንግስት ኪራዩን አንድ ዋጋ ላይ ቆርጦ ስለማስቀመጡ ነው፣ እኔ ደግሞ በዓመት ከዚህን ያህል በመቶ በላይ መጨመር አይቻልም ስለሚለው። እሱ የሚቃወመውን እኔም አልደግፈውም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጀመሪያ ኮመንቴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፦ "እንዲህ ስትል ምን ማለትህ ነው?"

ኢኮኖሚ ላይ ይሄ ነገር በጣም ይበዛል። አንዱ "ግሽበት ቀንሷል" ይላል፣ ሌላው "አይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትኖረው፣ ሁሉም ነገር ጨምሯል" ይለዋል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። 100 የነበረ ዕቃ አምና 130 ከገባ ግሽበቱ 30 በመቶ ነው፣ ዘንድሮ ከ130 ወደ 143 ከሄደ ግሽበቱ ወደ 10 በመቶ ወርዷል፣ ዕቃው ግን ተወደደ እንጂ አልረከሰም፣ ፍጥነቱ ነው የቀነሰው። ይሄን በሁለት መስመር ካስረዳችሁ ክርክሩ ሊያልቅ ይችላል፣ ወይም ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄዳል፣ ማለትም የሰው ገቢ ከዋጋው ጋር እኩል ሄዷል ወይስ ወደኋላ ቀርቷል ወደሚለው።

ሦስተኛው፣ የቱ ይቅደም የሚለው፣ ከባዱ እሱ ነው። ድምፅ መስጠት በህግ ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን የሚለውን ውሰዱ። አውስትራሊያ በ1924 በፌዴራል ምርጫ ግዴታ አደረገችው፣ ከዚያ በፊት በ1922 በተደረገው ምርጫ ከተመዘገበው ሰው ድምፅ የሰጠው ከ60 በመቶ በታች ነበር፣ በ1925 ግን ከ91 በመቶ በላይ ሆነ። ይሄ መረጃ ነው፣ ማንም አይቶ ማረጋገጥ ይችላል። ግን አንዱ ተከራካሪ "ያለመምረጥም መብቴ ነው" የሚል ከሆነ ይሄ ቁጥር ምንም አይመልስለትም፣ ምክንያቱም ህጉ መራጭ አያበዛም አላለም፣ መብትን የሚያህል ነገር የለም ነው ያለው። እንዲህ አይነት ቦታ ላይ ሌላ አስር ሊንክ መለጠፍ ዋጋ የለውም። "እሺ፣ ቁጥሩ ላይ ተስማምተናል፣ የተለያየነው አንተ የግለሰቡን ምርጫ ስታስቀድም እኔ ብዙ ሰው የተሳተፈበትን ውጤት ስለማስቀድም ነው፣ ልክ ነኝ?" በሉት። አዎ ካለ ትልቅ ነገር ሰርታችኋል፣ ባትስማሙም እንኳን ማለቴ ነው። ከዚህ በኋላ ማውራት የሚቻለው ምርጫውን ማስቀደም እስከ ምን ድረስ ነው፣ ለምሳሌ ግብርም ግዴታ ነው፣ እሱንስ እንዴት ያየዋል፣ እያሉ ነው።

3ኛ፣ የሰውዬውን ሀሳብ ራሱ ከጻፈው አሻሽላችሁ ጻፉለት

አናቶል ራፖፖርት የሚባል የሂሳብና የጌም ቲዮሪ (ሰዎች ሲፎካከሩና ሲተባበሩ እንዴት እንደሚወስኑ በሂሳብ የሚያጠናው ዘርፍ) ሊቅ ነበር፣ ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔት የሱን አካሄድ በአራት ደረጃ አስቀምጦታል። መጀመሪያ የተቃራኒያችሁን ሀሳብ "ምነው እኔ ራሴ እንዲህ ብዬ በገለጽኩት" እስኪል ድረስ ጥርት አድርጋችሁ ትናገሩለታላችሁ። ከዚያ የምትስማሙበትን ትዘረዝራላችሁ፣ ከዚያ ከሱ የተማራችሁት ነገር ካለ ትናገራላችሁ፣ ትችቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አራቱንም በእያንዳንዱ ኮመንት ላይ ማድረግ ይረዝማል፣ የመጀመሪያዋን ግን በጭራሽ አትዝለሏት። "ከገባኝ የምትለው ግብር ቢጨመር ትንንሽ ነጋዴዎች መጀመሪያ ይጎዳሉ ነው፣ ትልልቆቹ መሸሻ ስላላቸው፣ ልክ ነኝ?" አንድ አረፍተ ነገር ናት። ይህቺን ያነበበ ሰው ድምፁ ወዲያው ሲለዝብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ለካ የፈለገው መሰማት ነበር።

4ኛ፣ አንድ ነጥብ ብቻ ያዙ

አንዳንዱ አስራ አምስት ነገር በአንድ ኮመንት ይደረድርባችኋል፣ ግማሹ እውነት ግማሹ ወሬ፣ ሁሉንም ካልመለሳችሁ ደግሞ "አየህ መልስ የለህም" ይላል። ጣሊያናዊው ፕሮግራመር አልቤርቶ ብራንዶሊኒ በ2013 እንዳለው አንድን የማይረባ ወሬ ለማፍረስ የሚፈጀው ጉልበት ለመፍጠር ከሚፈጀው በአስር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ አስራ አምስቱንም አትከተሉ። ሌሎቹ የተንጠለጠሉበትን አንዱን ምረጡ፣ ቃል በቃል ኮፒ አድርጋችሁ ጥቀሱት፣ እሱን ብቻ መልሱ፣ "ሌሎቹን አላየሁም ማለት አይደለም፣ ይሄን ከጨረስን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን" በሏቸው። ሰውዬው መልሳችሁን ዘሎ ወደ ሌላ ነጥብ ከሄደ በትህትና መልሱት፣ ሁለቴ ከዘለለ ግን በቃ፣ አንባቢው አይቶታል።

5ኛ፣ ማስረጃ ከማምጣታችሁ በፊት አጣሩ፣ የራሳችሁንም

ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ ከ2006 እስከ 2017 የተሰራጩ ወደ 126 ሺህ ወሬዎች አጥንተው በ2018 ያወጡት ነገር አለ፣ የውሸት ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ ሪትዊት የመደረግ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል፣ ያሰራጩት ደግሞ በዋናነት ቦት የሚባሉት በራሳቸው የሚለጥፉ አካውንቶች ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው። የኛ ወገን የሚለጥፈውም ከዚህ አያመልጥም። የሚያስደስታችሁን መረጃ ከሚያናድዳችሁ የበለጠ ተጠራጠሩት።

አንድ ገፅ ላይ ያገኛችሁትን ነገር እዚያው ገፅ ላይ አፍጥጣችሁ እውነት መሆኑን አታውቁም፣ ውጡና ሌሎች ስለዚያ ገፅና ስለዚያ ቁጥር ምን እንዳሉ ፈልጉ። ፎቶ ከሆነ ጉግል ላይ በፎቶው ራሱ ፈልጉ፣ "ትናንት የተነሳ" የተባለው ከአምስት ዓመት በፊት የተነሳ ሆኖ ይገኛል። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፣ ዋናውን ጠይቁ።

ቁጥር ላይ ሦስት ወጥመድ አሉ። ከ5 በመቶ ወደ 6 በመቶ የሄደ ነገር "በ1 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ጨመረ" ቢባልም "በ20 በመቶ ጨመረ" ቢባልም ልክ ነው (የተጨመረው 1 የ5 አንድ አምስተኛ ስለሆነ)፣ አንዱ ትንሽ ሌላው አስፈሪ ስለሚመስል ሰው የሚመቸውን ይመርጣል። ሁለተኛ፣ አማካይ ገቢ። ዘጠኝ ሰው በወር አስር አስር ሺህ ቢያገኝ፣ አንድ ሰው ደግሞ 910 ሺህ ቢያገኝ፣ የአስሩ አማካይ መቶ ሺህ ነው፣ ያን ያህል የሚያገኝ ሰው ግን ከመሀላቸው አንድም የለም፣ ስለዚህ መሀል ላይ ያለው ሰው ስንት ያገኛል ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ሥራ አጥነት። በአለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አቆጣጠር ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው ብቻ ሳይሆን እየፈለገ ያለና ቢያገኝ ለመጀመር የተዘጋጀ ሰው ነው፣ ተስፋ ቆርጦ መፈለግ ያቆመው አይቆጠርም፣ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት በክፍያ የሰራ ደግሞ ሥራ እንዳለው ነው የሚቆጠረው። ቁጥሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ምን እንደሚለካ ሳያውቁ መጠቀሙ ነው ችግሩ።

6ኛ፣ አጻጻፋችሁ

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገፅ ላይ ሰዎች ሀሳባቸውን ጽፈው "አስቀይሩኝ" የሚሉበት ቦታ አጥንተው ነበር፣ እዚያ ሀሳቡ የተቀየረ ሰው ላስቀየረው ሰው ምልክት ይሰጠዋል። ያሸነፉት መልሶች ረጋ ያሉ ቃላት ይበዙባቸዋል፣ የሰውዬውን ቃላት መልሰው ከመደጋገም ይልቅ አዲስ ነገር ያመጣሉ፣ "ምናልባት"፣ "ሊሆን ይችላል" የሚሉ ቃላትም አሉባቸው። ለስላሳነት ደካማ ያስመስላል የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው።

በሌላ በኩል ስሜትና የሞራል ፍርድ የተቀላቀለባቸው ቃላት፣ የቁጣና የውግዘቶቹም ጭምር፣ ሼር ያስደርጋሉ፣ በ2017 የወጣ ጥናት እያንዳንዱ እንደዚህ አይነት ቃል ስርጭቱን ወደ 20 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል፣ ግን ስርጭቱ በዋናነት በራስ ወገን ውስጥ ነው። ማለትም "ሆዳም"፣ "ከሃዲ" ብላችሁ የምታገኙት መቶ ላይክ ቀድሞውኑ ከሚስማማችሁ ሰው ነው። "እናንተ እኮ ሁሌም..." ብሎ መጀመርም እንደዚያው ነው፣ የጠየቃችሁ አንድ ሰው ነው፣ ለሰፈር ሙሉ እንደምትመልሱ አድርጋችሁ አትመልሱለት።

7ኛ፣ ሲበላሽ

ከተሰደባችሁ አንዴ "ወደ ጉዳዩ እንመለስ" በሉ፣ ከቀጠለ ሳትሰናበቱ ብሎክ አድርጉ። የምትሰሩበትን ቦታ፣ ሰፈራችሁን፣ የልጆቻችሁን ፎቶ ክርክር በምታደርጉበት አካውንት ላይ አታስቀምጡ፣ የሌላውንም ማንነት አትቆፍሩ፣ ምንም ያህል ቢያናድዳችሁ። በኢንቦክስ እንነጋገር የሚለውን የማታውቁትን ሰው እኔ አልቀበልም፣ ውይይቱ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሁን።

8ኛ፣ መውጫው

ያ የኮርኔል ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል፣ ሁለቱ ሰዎች አምስት ዙር ከተመላለሱ በኋላ ሀሳብ የማስቀየሩ ዕድል የለም ሊባል ነው የሚችለው። እኔ አራት ላይ እቆማለሁ። መጨረሻ ላይ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "እስካሁን እዚህ እዚህ ላይ ተስማምተናል፣ ይሄኛው ላይ አልተስማማንም፣ ምክንያቱም አንተ ይሄን ታስቀድማለህ እኔ ያን፣ ስለ ጊዜህ አመሰግናለሁ።" ከዚያ ኖቲፊኬሽኑን አጠፋለሁ፣ የመጨረሻውን ቃል እሱ ይውሰደው።

ተሳስታችሁ ከተገኛችሁ ደግሞ ኮመንቱን አታጥፉት፣ መልሶቹ በአየር ላይ ይቀራሉ። እዚያው የመጀመሪያው ኮመንታችሁ ስር "ማስተካከያ፦ ይሄ ቁጥር ልክ አልነበረም፣ ትክክለኛው ይሄ ነው፣ ያረመኝ እገሌ ነው" ብላችሁ ጨምሩበት፣ ዘግይቶ የሚመጣው አንባቢ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።