ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም

የሳይንስ እጩ መምህራንን ስናሠለጥን ከምንፈጽማቸው ጥፋቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ለመጽሐፍ ሲባል ልኬትን ማረም ነው። እዚህ አዲስ አበባ ዳር ሠልጣኞች ውሃ ያፈላሉ፤ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሶ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ደብተራቸው ላይ ግን 100 ይሰፍራል። ለምን ሲባሉ «መሣሪያው አርጅቷል» ይላሉ። አሠልጣኙም ፈርሞ ያልፋል! ከዚያ በኋላ ስለ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ይህን ቸኩሎ መንገር ግን ሌላ ስህተት ነው። «አርጅቷል» ማለትም እኮ መላምት ነው፤ ስለዚህ ይፈተን። መሣሪያው 8 ዲግሪ አጉድሎ የሚያነብ ከሆነ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ሲነከር ከዜሮ በታች ማሳየት አለበት። ዜሮ ላይ ከቆመስ? ምክንያቱ ከፍታው ከሆነ ደግሞ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ላይ ሲለኩ ቁጥሩ ከዚህም ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ሁለቱንም ግምት ከመለካታቸው በፊት ይጻፉ። ደጋ ላይ ባቄላ ለመብሰል እንደሚቆይ ከቤታቸው የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ ያንን እውቀት ከቤተ ሙከራው ደጅ ጥለው እንዲገቡ ያደረጋቸው ትምህርታችን ነው።

የሻማውም ሙከራ እንዲሁ ይበላሻል። ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ የበራ ሻማ ቆሞ ብርጭቆ ሲደፋበት ይጠፋል፤ ውሃውም በብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። «ኦክስጅኑ ስላለቀ ነው» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ፤ አሠልጣኙ «ጎበዞች!» ብሎ ይዘጋዋል። በሦስት ሻማ ይደገም እስቲ። የብርጭቆው ኦክስጅን ያው ነው፤ ውሃው ግን ይበልጥ ከፍ ይላል። በሙቀት ተለጥጦ ያመለጠውን፣ የቀረውም ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረውን አየር የሚጠረጥር ሠልጣኝ ያን ጊዜ እጁን ያወጣል። ዝምታውን መታገሥ ያስፈልጋል።

ዘሩን፣ አፈሩንና የውሃውን መጠን በአንዴ ለውጦ ብርሃን ለተክል እድገት ስላለው ድርሻ መደምደምስ? በዚህ ላይ ቃል አላባክንም።

መሣሪያ የለንም የሚለውም ሰበብ ይቅር፤ ክርና ድንጋይ ይበቃል። አንድ ሜትር ክር ላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መጀመሪያ ክሩን ሳይነኩ ድንጋዩን በከባድ ይለውጡ፤ ቀጥሎ ድንጋዩን ሳይነኩ ክሩን ያሳጥሩ። አንዱን ምልልስ ብቻ ከመለካት ደግሞ ዐሥሩን ለክቶ ለዐሥር ማካፈል ይሻላል፤ ሰዓቱን የሚጫነው እጅ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል ወይም ይቸኩላል።